የስም ብረቶች ድልድይ

በገረንታ ሬዲዮ ጧት መጀመሪያ የሚነበበው ርቀቱ ነው፤ የአየር ጠባይና የሽንኩርት ዋጋ ከዚያ በኋላ ይከተላሉ። «እንደምን አደራችሁ። ምዕራብ ገረንታና ምሥራቅ ገረንታ ዛሬም በትናንቱ ርቀት ላይ ይገኛሉ።» አንባቢዋ ይህችን ዓረፍተ ነገር ለዓመታት ሳትቀይር ስላነበበቻት በእንቅልፍ ልቧም የምትላት ይመስለኛል። ሰው ይህን ይሰማና በሩን በትከሻው ገፍቶ ወደ ሥራው ይወጣል። በትከሻ የምንገፋው እኛ አገር የበር መቃን ቀጥ ብሎ ስለማይከርም ነው። ብርጭቆ እስከ አፉ አንሞላም። ፎቶ በአንድ ሚስማር አንሰቅልም። አዲስ የመጣ እንግዳ በሩ ሲንኳኳ «ይግቡ!» ሲል እንስቅበታለን፤ ያንኳኳችው ምድር ናት።

እኔ ተዋበች ይማም እባላለሁ፤ የድልድዩ ሚኒባስ ሹፌር ነኝ። ቤቴ ምሥራቅ ማዶ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ከዓረቢያ ፕሌት ወደ አፍሪካ ፕሌት፣ ከአፍሪካ ፕሌት ወደ ዓረቢያ ፕሌት ሳመላልስ እውላለሁ። አነጋገሬ ትልቅ ጉዞ አስመሰለው እንጂ አንድ ዘፈን ሳያልቅ መንገዱ ያልቃል። ተሳፋሪዎቼ ሁለት ፕሌት መሻገራቸውን ከረሱት ቆይተዋል፤ የሚጨቃጨቁት በመስኮት በኩል ስለሚቀመጠው ሰው ነው።

ልጆቻችን ይህን የፕሌት ነገር ፊደል ሳይቆጥሩ ያውቁታል። እናት ወተት አፍልታ ስታወርድ ስልባቦቱን በማንኪያ ነካ አድርጋ ታሳያቸዋለች። የምድር ቅርፊትም እንዲሁ ነው፤ ተሰነጣጥቆ ትልልቅ ፕሌቶች ሆኗል፤ ከሥሩ ያለው ትኩስ አለት እጅግ ቀስ ብሎ ይላወሳል፤ ፕሌቶቹም አብረው ይሄዳሉ። አንዳንድ ቦታ ይጋጩና ተራራ ያበቅላሉ። አንዳንድ ቦታ አንዱ ከሌላው ሥር ይገባል፤ ሌላ ቦታ ደግሞ ጎን ለጎን ይተሻሻሉ። እኛ ዘንድ ይለያያሉ፤ በዓመት ሁለት ጣት ያህል። አንድ ቀን በመካከላቸው ባሕር ይገባል ይባላል። ያን ቀን እኔ ስለማልደርስበት ዋና አልተማርኩም።

ከተማችን የተሠራችው በስንጥቁ ግራና ቀኝ ነው። ውሃው ከምዕራብ ይመጣል፤ መብራቱ ምሥራቅ ካለው የእንፋሎት ጣቢያ ይሄዳል፤ ሁለቱም የሚያልፉት በድልድዩ ሆድ ሥር ነው። ድልድዩን የሠሩት ሰዎች ብልሆች ነበሩ። የምዕራቡን ጫፍ ከአለቱ ጋር አሠሩት። የምሥራቁን ጫፍ ግን ምንም ሳያስሩ በትልልቅ ኩሽኔታ ላይ አስቀመጡትና ከዳርቻው አልፎ ወደ መሬቱ ብዙ እንዲገባ ረጅም ምላስ ተዉለት። ምድር ስትርቅ ምላሱ በኩሽኔታው ላይ እየተንሸራተተ ይወጣል፤ ድልድዩ አይወጠርም። የውሃው ቧንቧና የመብራቱ ገመድም ተጠቅልሎ የተቀመጠ ትርፍ አላቸው።

በመጀመሪያው ዓመት በምላሱ ጫፍና በአስፋልቱ መካከል ሁለት ጣት የምትሰፋ ክፍተት ታየች። የከተማው በያጅ ሁመድ፣ ያኔ ጎልማሳ ነበሩ፣ ጎማ እንዳይገባባት አንድ ወፍራም ብረት በልኳ ቆርጠው አስተኙባት። በዚያው ሳምንት የመጀመሪያ ልጃቸው ስለተወለደች ደስታው አላስችል አላቸውና ስሟን ጻፉበት፦ ሞሚና። ከዚያ ወዲህ ዓመት በመጣ ቁጥር አዲስ ክፍተት፣ አዲስ ብረት፤ በዓመቱ የተወለዱት ልጆች ሁሉ ስም ይቀረጽበታል። ቀኑ የሁለት ጣት ቀን ይባላል። ከተማው ሁሉ ነቅሎ ይወጣል፤ ፍየል ይታረዳል፤ ምድር የሰጠችንን ቦታ በልጆቻችን እንሞላለን። የእኔ ነጃትም እዚያ ላይ አለች።

ብረቶቹ ልል ስለነበሩ መኪና ሲያልፍባቸው ኳ ኳ ይሉ ነበር። በአቅራቢያው ያሉ ሰዎች እንቅልፍ አጣን ብለው አቤት አሉ። አንዱ ብረት ጠፍቶ ሲፈለግ የአንድ ሰው በር መቀርቀሪያ ሆኖ ተገኘ፤ የዚያ ዓመት እናቶች ሰውየውን ሊበሉት ደረሱ። በዚህ መሃል ስንጥቁ መስፋቱን አቆመ። ሬዲዮዋ «በትናንቱ ርቀት» ማለት የጀመረችው ያኔ ነው። ዓመት አለፈ፤ ሌላም አለፈ፤ አንዲትም ጣት የለም። «ምድር ደከማት» ተባለ። በዓሉ ግን እንዴት ይቅር? ልጅ መወለዱን አላቆመ! ስለዚህ ምድር የነፈገችንን እኛ ለራሳችን ሰጠን፦ በየዓመቱ አስፋልቱን ሁለት ጣት እየላጥን ለአዲሱ ብረት ቦታ አበጀን። እንዳይንኳኳና እንዳይሰረቅም አባ ሁመድ ብረቶቹን እርስ በርስ በየዷቸው። በአንድ በኩል ከድልድዩ ምላስ፣ በሌላው በኩል አለት ውስጥ ከተተከለው የመንገዱ ጠርዝ ብረት ጋር አጋጠሟቸው። ያማረ ብየዳ ነበር። ሁላችንም አጨበጨብን፤ ሚኒባሴም ያለ ኮሽታ ማለፍ ጀመረ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኛ ነው።

ዘንድሮ ሞሚና የድልድዩ መሐንዲስ ሆና ከትምህርት ተመለሰች። ያቺ በመጀመሪያው ብረት ላይ ያለችው ሞሚና። መጀመሪያ ያሳፈርኳት እኔ ነበርኩ። ምሥራቅ ዳርቻ ስንደርስ «እትዬ ተዋቡ፣ አንዴ አቁሚልኝ» ብላ ወረደች። ብረቶቹን ተንበርክካ አየች፤ ስሟን በጣቷ ዳሰሰች፤ ከዚያ ብየዳውን ዳሰሰች። ስትመለስ ፊቷ ሌላ ሆኖ ነበር።

«ሁለቱንም እጁን አሥራችሁታል» አለችኝ።

«ማንን?»

«ድልድዩን።»

ለመስተዳድሩ ነገረች። ከበዓሉ በኋላ እናየዋለን አሏት። ለሰውም ነገረች። ምድር ደክሟት አይደለም፣ ፕሌቶቹ አንድም ቀን አላረፉም፣ እዚህ ስንጥቁ ጋ ብቻ መሬቱ ተያይዞ እንደ ጎማ እየተለጠጠ ነው፣ የተለጠጠ ነገር ደግሞ ሲለቅ የዓመታቱን ባንዴ ይለቃል አለች። ድሮ በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ ቀልጦ የሚፈስ አለት ከሥር ሰርጎ ገብቶ ምድር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ ስምንት ሜትር መከፈቷን ተናገረች። ሰው አዳመጣት፤ «ጎበዝ ልጅ ወጥቷታል» አለ፤ ወደ ገበያው ሄደ።

ከዚያ ማንኳኳቱ በዛ። በሰሜን ካለው ተራራ ሥር የተነሳው ቅልጥ አለት በከርሰ ምድር ወደ እኛ እየመጣ ነው ተባለ። እጃችን ላይ እንደ ሰዓት የምናስራቸው የመሬት መንቀጥቀጥ ማስጠንቀቂያዎች ይጮኹ ጀመር። እኛ ግን በከንቱ ሲጮኹ ብዙ ጊዜ ስለሰማናቸው ስማቸው «ቀበጢት» ነው፤ ሰው ሁሉ ድምፃቸውን አጥፍቶ ሥራውን ቀጠለ። እኔን ያስደነገጠኝ ሁኔታውን ሊያዩ ከዋናው ከተማ የመጡ ሹማምንት ንግግር ነው። ሚኒባሴ ውስጥ ተቀምጠው፣ ሹፌር ጆሮ እንደሌለው፣ «ድልድዩ ከወደቀ መልሶ መሥራት አይታሰብም፤ የምሥራቁን ሕዝብ ሌላ ቦታ ማስፈር ነው» ተባባሉ። የምሥራቁ ሕዝብ እኔ ነኝ። ቤቴ፣ የባሌ መቃብር፣ ደጄ ላይ የተከልኩት የቴምር ዛፍ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ፈራሁ።

ሞሚና በማግሥቱ ጧት መቁረጫ ማሽን ይዛ ድልድዩ ላይ ወጣች። ሰው ከበባት። ከሁሉ ቀድማ የቆመችው ወይዘሮ ዙልፋ ነበረች። የዙልፋ ልጅ ኢሴ በሕፃንነቱ በወባ ሞቷል። ፎቶ የለውም፤ ያለው ያ ብረት ላይ ያለው ስሙ ብቻ ነው። በየሳምንቱ መጥታ በነጠላዋ ታብሰዋለች።

«በእኔ ላይ ቁረጪ» አለች ዙልፋ፣ ብረቱ ላይ ቁጭ ብላ። «መጀመሪያ በእኔ ላይ!»

«እማ ዙልፋ፣ ስሙን አልነካም። ብየዳውን ብቻ ነው።»

«ብየዳው ነው የያዘልኝ!»

አባ ሁመድ ከኋላ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ በዚህ ከተማ ቃላቸው ይሰማል። ልጃቸውን አላዩዋትም፤ ማሽኑን አዩት። «እኔ የበየድኩት በሕይወቴ ለቆ አያውቅም» አሉ። «ከተማው አደራ ብሎኛል። ማንም አይነካውም።» ሰው አጉረመረመ፤ ከእሳቸው ጋር ሆነ። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ የነጃት ስም ሲቆረጥ ለማየት አልጓጓሁም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ገረንታም ያን ጧት አልለቅ አለች።

ሞሚና መከራከር ትታ ማሽኑን መሬት አስቀመጠች። ከዚያ ያልጠበቅነውን አደረገች፦ አባቷ ፊት ቁጢጥ አለች፤ ዳጉ የሚለዋወጥ ሰው እንደሚያደርገው። ዳጉ የአፋሮች ወግ ነው። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጢጥ ብሎ ያየውንና የሰማውን ይነጋገራል፤ ሳይጨምር ሳይቀንስ። ዳጉ የዋሸ ሰው ከዚያ በኋላ ማንም ዳጉ አይጠይቀውም፤ በቁሙ እንደ ሞተ ነው። በእጅ ማስጠንቀቂያ የማያምነው የገረንታ ሰው እስከ ዛሬ በዳጉ ያምናል።

«አባ» አለች። «ከሩቅ መጥቻለሁ። ዳጉ ይስጡኝ። ምን አዩ? ምን ሰሙ?»

አባ ሁመድ ደነገጡ። እምቢ ማለት አይቻልም፤ የጠየቀችው ልጃቸው ብትሆንም አይቻልም። ቀስ ብለው፣ ጉልበታቸው እየተንቀጫቀጨ፣ ፊቷ ቁጢጥ አሉ።

«ሰላም ነው» አሉ እንደ ደንቡ። «ዝናብ አላየሁም። በሰሜን በኩል ጭስ አየሁ። ግመሎች ወደ ስንጥቁ አንወርድም ሲሉ አየሁ።»

«ምን ሰሙ?»

መሬት መሬት አዩ። «ጧት ከሶላት መልስ ጆሮዬን ብረቱ ላይ አደርጋለሁ፤ ልማዴ ነው። ዱሮ ዝም ይል ነበር። ሰሞኑን ግን ድምፅ አለው። ሲወጥሩት የሚጮህ ክር አለ አይደል? እንደሱ ነው። በየቀኑ ይቀጥናል።»

«ብየዳውንስ አዩት?»

«አየሁት» አሉ። «አንድም ስንጥቅ የለበትም። ክፋቱም እሱ ነው፣ ልጄ። የእኔ ብየዳ አይለቅም። የሚለቀው ድልድዩ ነው።»

አባ ሁመድ እንባቸውን በክንዳቸው ጠርገው ተነሱ፤ ማሽኑን ራሳቸው አነሱ። «ከአንቺ ነው የምጀምረው» አሉ። «የጀመርኩትም በአንቺ ነው።» መነጽራቸውን አጠለቁ፤ ብልጭታው ሞሚና በሚለው ስም አጠገብ ፈነጠቀ።

ዳጉውን የሰማ ሁሉ ሮጦ ላልሰማው ነገረ፤ ያም ለሌላው። ያን ያህል ጊዜ የጮኹት ቀበጢቶች ያላንቀሳቀሱት ከተማ ቀትር ሳይሆን ግልብጥ ብሎ ወጣ። ማሽን ያለው ማሽን፣ ዲጅኖ ያለው ዲጅኖ፣ መዶሻ ያለው መዶሻ ይዞ መጣ። በያጅ ሁሉ በተራ ተንበረከከ። ስም እንዳይነካ ብየዳውን ብቻ እየተከተሉ ቆረጡ። አንድ ብረት ሲላቀቅ በላዩ የተጻፉት ልጆች ቤተሰብ ተሸክሞ ይወጣል። የነጃትን ዓመት ብረት ከስድስት ጎረቤት ጋር ተሸክመን ሚኒባሴ ውስጥ አስገባነው፤ ወንበሮቹን ነቅዬ መሃሉ ላይ አጋደምኩት። ነጃት ራሷ ሌላ ከተማ ኮሌጅ ናት። ስደውልላት «እማዬ፣ እኔን ተሸክመሽ ነው የምትነጂው?» ብላ ሳቀች፤ እኔ አለቀስኩ።

ዙልፋ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም ነበር። የእሷ ብረት ሲደርስ አባ ሁመድ ማሽኑን አጥፍተው አጠገቧ ቁጭ አሉ። ምን እንዳሏት አልሰማሁም። ብቻ እጃቸውን ሰጧት፤ ተነሳች። የኢሴ ብረት ሲላቀቅ አንደኛውን ጫፍ እሷ ያዘች፤ ለማንም አልሰጥም አለች።

የመጨረሻው ከመንገዱ ጠርዝ ጋር የተያያዘው ነበር። ግማሹ እንደተቆረጠ ምድር አንኳኳች። ይህ ግን ማንኳኳት አልነበረም፤ በሩን በእግሯ የመታችው ይመስል ነበር። ሰው እየጮኸ ወደ ዳር ሸሸ። ሞሚና አባቷን ጎተተቻቸው፤ እሳቸው ማሽኑን አልለቅ አሉ። «ትንሽ ቀረኝ! ትንሽ!» የቀረችው ብየዳ በራሷ «ጧ!» ብላ ተበጠሰች። ያቺን ድምፅ ዕድሜ ልኬን አልረሳትም። በዚያች ቅጽበት የድልድዩ ምላስ ሕያው ሆነ። ኩሽኔታዎቹ እያፏጩ፣ ለዓመታት የጠጡትን አቧራ እየተፉ መሽከርከር ጀመሩ።

ምድር ስትከፈት አየሁ። የስንጥቁ ወለል ወደ ታች ሰመጠ፤ አቧራና እንፋሎት ተነሳ። የምዕራብ ገረንታ ቤቶች በዓይኔ እያየሁ ከእኔ ራቁ፤ ወይም እኔ ከእነሱ ራቅሁ። የድልድዩ ምላስ ከመሬታችን እየተሳበ ወጣ፤ ክንድ ያህል፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አራት። ቧንቧው ተጠቅልሎ ከተኛበት እየተፈታ ተከተለው።

«ምላሱ ይበቃል?» ብዬ ሞሚናን ያዝኳት።

«እንደ ዳባሁ ከሆነ ይበቃል።»

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነ ዱዓ ነው፣ እትዬ።»

ያን ቀን ገረንታ ውስጥ ቤቱ የገባ ሰው የለም። በሁለቱም ዳርቻ ተሰልፈን ድልድዩን አየን። እየቆመ እየቀጠለ አመሸ፤ ሲነጋ ያፏጭ ነበር፤ ረፋዱ ላይ ዝም አለ። ምላሱ ገና ከመሬታችን ላይ ነበር። ብዙ አልቀረውም፤ ግን ነበር። ያኔ ከምዕራቡ ማዶ አንድ ሰው «ውሃው!» ብሎ ጮኸ፤ እኛም ቧንቧውን ከፈትን። መጣ! እልልታው ከሁለቱም ፕሌት ተነሳና መሃል ላይ ተገናኘ። ከዋናው ከተማ የመጡት ሹማምንት እንኳ ኮታቸውን አውልቀው ሲጨፍሩ አይቻለሁ፤ አንደኛው ጭፈራ አይችልም።

ሬዲዮዋ ዘግይታ ከፈተች። «እንደምን አደራችሁ» አለች፤ ከዚያ ቆመች። ከአፏ የለመደችው ዓረፍተ ነገር ሲመጣ ስትመልሰው ይሰማል። «ምዕራብ ገረንታና ምሥራቅ ገረንታ ዛሬ... ዛሬ ከትናንት በስቲያ ከነበሩበት ሰባት ሜትር ርቀዋል። ድልድዩ ቆሟል። ደግሜ ላንብብ፤ ድልድዩ ቆሟል!» ሦስተኛም አነበበችው፤ ማንም የከለከላት የለም።

በምላሱ ጫፍና በአስፋልቱ መካከል አሁን ከሰባት ሜትር የሚበልጥ ክፍተት ተኝቷል። ብረቶቹን መልሰን አመጣን። አባ ሁመድ የሞሚናን ብረት በመጀመሪያ ቦታው አስተኙ፤ ሌሎቹ ተከተሉ። አንድም ብየዳ የለም፤ ሁሉም እንደ ዱሮው ልል ናቸው። የከተማው ልጆች ሁሉ ስም አልቆ ሲደረደር ከክፍተቱ አንዲት ጥግ ብቻ ያዘ። ለጊዜው ቀሪውን በሳንቃ ሸፈንነው። አባ ሁመድ ወገባቸውን ይዘው ቆመው ያን ሁሉ ባዶ ቦታ አዩት።

«ይሄ ሁሉ ለማን ነው?» አሉ።

«ገና ላልተወለዱት» አለች ሞሚና። አባቷ ሳቁ፤ ትከሻዋን አቀፏት። እኔም ልቤ ሞላ። ምድር ለዓመታት የከለከለችንን ቦታ ባንዴ ከነትርፉ ሰጠችን፤ የልጅ ልጆቻችን አስፋልት ሳይልጡ በዓላቸውን ያከብራሉ።

የመጀመሪያዋን ጉዞ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሚኒባሴ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ ዙልፋ ከጎኔ ተቀምጣለች። የፊት ጎማዬ ብረቶቹ ላይ ሲወጣ ያ የዱሮው ድምፅ መጣ፦ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። አቤት ያስባለን፣ ያስበየደን ድምፅ። ከኋላ በመስኮት የሚጣሉት ሰዎች ጭቅጭቃቸውን ትተው ጆሯቸውን ወደ ብረቶቹ ጣሉ።

ዙልፋ ክንዴን ያዘችኝ።

«ቀስ በይ፣ ተዋቡ» አለች። «ኢሴ ጋ ስትደርሺ ቀስ በይ። ልስማው።»

ፍሬን ረገጥ አደረግሁ። ጎማው በኢሴ ብረት ላይ ቀስ ብሎ ወጣ፤ ኳ አለ። ዙልፋ ራሷን ነቀነቀች፤ እኔም ነዳሁ።